እርሾው በሰው ቤት ቀረ

ከሁሉ በፊት ጥቅሜን ልናገር። «የውጭው ቡድን» የሚባለው እኔ ነኝ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሚኖር ሰው አንድ የአፕ ሐሳብ ይመጣለታል፤ ከዘመድ ከወዳጅ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ከዚያ ሐሳቡን ሠርቶ የሚያስረክበው ርካሽ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ለዓመታት የእኔና የባልደረቦቼ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን በሚያርፍበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። የቤት ኪራዬን የከፈልኩት በዚህ ሥራ ነው። እንግዲህ አሁን የምጽፈው በገዛ እንጀራዬ ላይ ነው።

ምን መሆን እንዳለበት ገና ያልለየለትን ሶፍትዌር ባሕር ማዶ ላለ ኮንትራክተር ሰጥቶ ማሠራት ብልህነት ተደርጎ ይሰበካል። «ሐሳቡ እኔ ጋ አለ፤ ኮዱን ማንም ይጽፈዋል» ይባላል። በሰዓት የሚከፈለው ዶላር ይሰላል፤ እዚያ ለአንድ ሰው የሚወጣው እዚህ አምስት ሰው ይቀጥራል፤ ሒሳቡ ተዘጋ። እኔ ግን ከሒሳቡ ማዶ ቆሜ ስላየሁት፣ ጀማሪ ድርጅት ከሚገዛው ነገር ሁሉ ውዱ ይህ ነው እላለሁ። ኮዱ ስለሚበላሽ አይደለም። ደህና ኮድ እንጽፋለን፣ ስማችን አይጥፋ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወንድማችን ሥራ ሰጠን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ አሜሪካ ያለ ልጅ በካርዱ ከፍሎ አዲስ አበባ ላሉ እናቱ የፋሲካ በግ፣ ዶሮ፣ የልደት ኬክ የሚልክበት አፕ። አርባ ገጽ ሰነድ መጣልን። የእያንዳንዱ ቁልፍ ቀለም ሳይቀር ተጽፏል። ዋጋ ተቆረጠ፣ አራት ወር ተባለ፣ ተፈራረምን።

ሰነዱ የተቀባዩን አድራሻ በአራት ሳጥን ይጠይቃል፦ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ከተማ፣ ዚፕ ኮድ። እኛ ስድስት ነበርን። በዚህ ከተማ በግ በቤት ቁጥር እንደማይደርስ ስድስታችንም እናውቃለን። በግ የሚደርሰው «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብለህ፣ ጤና ጣቢያውን አልፈህ፣ ሰማያዊ በር አለ፤ ስትደርስ ደውል» ተብሎ ነው። ታዲያ ምን አደረግን? አራቱን ሳጥን ሠራን። ሰነዱ ግዴታ ይላልና ዚፕ ኮድ ያልሞላ ሰው እንዳያልፍ ዘጋንበት።

ለምን ዝም አልን? ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አንዱ ይሉኝታ ነው፤ ከፋይን ማረም ድፍረት ይመስላል። ዋናው ግን ውሉ ነው። በቁርጥ ዋጋ የተፈራረመ ሰው ጥያቄ ባነሳ ቁጥር ሥራው ይበዛበታል፣ ገንዘቡ ግን ያው ነው። «ይህ አይሆንም» ብሎ ስብሰባ መጥራት፣ ማስረዳት፣ እንደገና መሣል፣ እንደገና መጻፍ፤ ሁሉም ከእኛ ኪስ ነው። ዝምታ አተረፈልን። በሰዓት የሚከፈልበት ውል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በእሱም ሠርቼበታለሁ። እዚያ ደግሞ የደንበኛው መደናገር ሲሳይ ነው፤ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ደመወዛችን ይረዝማል፣ ቶሎ እንዲወስን የምንገፋፋበት ምክንያት የለንም። አንደኛው ውል መማርን ይቀጣል፣ ሁለተኛው መደናገርን ይሸልማል።

የሰዓቱ ነገርም አለ። አንዷ ላኪ ለእናቷ ልደት ኬክ «3:00» ብላ አዘዘች፤ ከቀትር በኋላ ማለቷ ነው። አድራሹ ስልክ ላይ የታየው «3:00» ብቻ ነበር። ያገሬ ሰው ሦስት ሰዓት ሲባል ጠዋት ነው፤ ኬኩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። እናትየው ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም፤ ሠራተኛዋ ፍሪጅ ውስጥ ቦታ አጥታ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው፤ ክሬሙን ፀሐይ በላው። ቨርጂኒያ ያኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። የሚጠየቅ ሰው የለም፣ የሚያዝም የለም። በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ ይህ «ባግ» ነው ወይስ «የለውጥ ጥያቄ» በሚል አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን። ባግ ከሆነ እኛ በነፃ እንጠግናለን፤ ለውጥ ከሆነ እሱ ይከፍላል። የሴትየዋ ኬክ ጉዳይ ከዚያ ክርክር ውስጥ አልነበረም።

ፋሲካ ሲያልፍ ይህን ንግድ የሚያውቀው ማን ነበር? ላኪዎች በጉ ሰርፕራይዝ እንዲሆን ስለሚፈልጉ የእናታቸውን ስልክ እንደማይሰጡ፣ ስልክ ካልተደወለ ደግሞ ለማያውቁት ሰው በር የሚከፍት እንደሌለ፣ መላው የእህት ወይም የጎረቤት ስልክ መጠየቅ እንደሆነ፣ ከሐሙስ በኋላ የሚታዘዝ በግ ዋጋው እንደማይያዝ፤ ይህን ሁሉ የተማርነው እኛ ነን፣ በአድራሾቹ ስድብ እየተገረፍን። ውሉ አለቀ፣ ኮዱን አስረከብን፣ ተመሰጋገንን። ትምህርቱን አላስረከብንም፤ በፋይል የሚላክ ነገር አይደለም፣ የጠየቀንም አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ሌላ ደንበኛ ሲመጣ አድራሻውን በአንድ ሳጥንና በሁለት ስልክ ቁጥር ሠራንለት፤ ሰዓቱን «ጠዋት» እና «ከሰዓት» አልነው። በጣም አመሰገነን። የትምህርቱን ክፍያ የከፈለለት የማያውቀው የቨርጂኒያ ሰው ነው።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። እንጀራውን ከሱቅ መግዛት ይቻላል። እርሾው ግን ያቦካው ሰው ቤት ይቀራል፤ የነገውን ሊጥ የሚያነሳውም እሱ ነው።

ዴንማርካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ቀድሞ ተናግሮታል። ለናውር ፕሮግራም ማለት የተጻፈው ኮድ ብቻ አልነበረም። የሠሩት ሰዎች አእምሮ ውስጥ የተገነባው ግንዛቤ ነው፤ ኮዱ ለምን እንዲህ እንደሆነ፣ ዓለም ስትለወጥ የቱ ጋ መነካት እንዳለበት የሚያውቀው ግንዛቤ። ያ ቡድን ሲበተን ኮዱ መሥራቱን ቢቀጥልም ፕሮግራሙ ሞቷል ይላል። በዓመቱ አሜሪካዊው ፍሬድ ብሩክስ የሶፍትዌር ሥራ ከባዱ ክፍል ምን መሠራት እንዳለበት በትክክል መወሰን ነው ብሎ ጻፈ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተናገሩ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው ወይም ሞልቷል፤ ዛሬም ከባዱን ክፍል በአርባ ገጽ ጨርሰነዋል እየተባለ ቀላሉ ክፍል ለጨረታ ይወጣል።

«ታዲያ ሕንዶቹ እንዴት ከበሩ?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሕንድ ሶፍትዌር ኩባንያዎች ትልቁን በር የከፈተላቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው የ2000 ዓመት ሥጋት ነበር። ዓመትን በሁለት አኃዝ የሚመዘግቡ አሮጌ ፕሮግራሞች 2000ን 1900 ነው ብለው እንዳይሳሳቱ እጅግ ብዙ መስመር ኮድ አንድ በአንድ መፈተሽ ነበረበት። (እኛ ያኔ ገና 1992 ላይ ስለነበርን ነገሩን በቴሌቪዥን አየን።) ሥራው አድካሚ ነበር፤ ምን መደረግ እንዳለበት ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ የባንጋሎሩ ፕሮግራመርም መልሱን ያውቁታል። እንዲህ ያለ ሥራ ባሕር ይሻገራል። የደመወዝ ሲስተም፣ አሮጌ ዳታቤዝ ማዛወር፣ ተሠርቶ ያለቀን አፕ መፈተሽ፤ እነዚህን ስጡን፣ በደስታ እንሠራለን። ስህተቱ መልሱ ለታወቀ ሥራ የተሰፋውን ውል፣ ጥያቄው ራሱ ላልታወቀ ሥራ ማልበስ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ስካይፕ ነው፤ ስካይፕን የማይጠቅስ የአውትሶርሲንግ ሻጭ አላጋጠመኝም። ስዊድናዊው ኒክላስ ሴንስትሮምና ዴንማርካዊው ያኑስ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያወጡት ኮዱን የጻፉት ታሊን ያሉ ኤስቶኒያውያን ነበሩ፤ ኢቤይ ከሁለት ዓመት በኋላ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ሰጠበት። እውነት ነው። የሚዘለለው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከጻፉት መካከል አህቲ ሄንላ፣ ፕሪት ካሰሳሉና ያን ታሊን ከዚያ በፊት «ካዛ» የተባለውን የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራም ከነሴንስትሮም ጋር የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ በስካይፕም ድርሻ ነበራቸው፤ ሲሸጥም የሚሊዮኖች ባለቤት ሆኑ። በገንዘቡም የራሳቸውን ኢንቨስትመንት ድርጅት አጠናከሩ። ይህ አውትሶርሲንግ ከተባለ እኔም ነገ ጠዋት እፈርማለሁ። እኛ የምንፈርመው ሌላ ነው፦ ገጽ ሰባት ላይ የጻፍነው ሁሉ የደንበኛው ንብረት እንደሆነ፣ ስማችንን መጥቀስ እንደማንችል ይላል። ከሃያ በላይ አፕ ሠርቻለሁ። ዛሬ ስልኬ ላይ ያለው አንድ ነው፤ እሱንም ማን እንደሚያስተዳድረው አላውቅም።

ለፈረንጁ ሠሪውን እንዲህ መርሳት የሒሳብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በእኛ ሰዎች ዘንድ ግን ሥሩ ይጠልቃል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሸማኔ በሠራው ሸማ አጊጦ፣ ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ አርሶ፣ ሸክላ ሠሪ በሠራችው ድስት በልቶ፣ ሠሪውን ግን «ቡዳ» ብሎ ከማዕድ ያራቀ ኅብረተሰብ ልጆች ነን። አጤ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው በከንቱ አይደለም። ዕውቀት ሁሉ ያዛዡ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ እጅ የታዘዘውን ይሠራል፤ «ሐሳቡ የእኔ፣ ኮዱ የእናንተ» የሚለው አነጋገር ለጆሮዬ ከዚያ መንደር የመጣ ይመስለኛል። ማረሻው ለምን በዚያ ማዕዘን እንደታጠፈ የሚያውቀው ቀጥቃጩ ነው፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

ከዚሁ ከተማ ሌላውን ምሳሌ ማየት ይቻላል። የታክሲ አገልግሎቱን «ራይድ»ን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ራሷ ፕሮግራመር ናት። አፑን ያልጫነ፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰውም በ8294 ደውሎ ታክሲ ማግኘት ይችላል። ከሳን ፍራንሲስኮ በተቀዳ አርባ ገጽ ሰነድ ላይ የስልክ ጥሪ መስመር ማን ይጽፍ ነበር? ኮዱን የምታውቀውና መንገድ ላይ ታክሲ የምትጠብቀው አንድ ሰው ስትሆን ግን ከመንገዱ የተማረችው ማታውኑ ኮዱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በእኛ አሠራር ያው ነገር ስብሰባ፣ የዋጋ ግምት፣ ፊርማና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።

ርካሽነቱም ቢሆን ሲጠጉት ይሳሳል። አሜሪካ ለተመዘገበ ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የግብር ሕግ፣ በውጭ አገር የተሠራ የሶፍትዌር ልማት ወጪ በዓመቱ አይቀነስም፤ በ15 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚቀነሰው፣ የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ እንደ ግማሽ ይቆጠራል። 60,000 ዶላር የላከልን ሰው በዚያ ዓመት ከገቢው የሚቀንሰው 2,000 ዶላር ብቻ ነው ማለት ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ እዚያው አገር ለሚሠራው ሥራ ይህን ሲያነሳ ለውጭው እንዳለ ተወው። ዕዳ ከሜዳ ይሉታል። በእኛ በኩል ደግሞ ሌላ ዕዳ አለ፦ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ደንበኞቻችን የሞትን መስሏቸው ነበር። አንዱ አዝኖ ደወለ፤ ሌላው በስልክ ጽሑፍ የመዘግየት ቅጣት አሰላልን።

ገንዘብ የሌለው ምን ያድርግ? አፕ አይሥራ። ሃያ በግ በስልክና በደብተር ይላክ፤ የቴሌግራም ቻናል ይክፈት፤ አንድ ዘመዱን አዲስ አበባ አስቀምጦ ከአድራሹ ጋር መኪና ውስጥ ያስቀምጠው። የቨርጂኒያው ሰው ይህን ቢያደርግ አራቱ ሳጥኖች በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ አንድ ይወርዱ ነበር፣ ወጪውም የሃያ በግ ማድረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ኮድ ካስፈለገ ድርሻ ሰጥቶ አብሮት የሚያቦካ ሰው ይፈልግ፤ ያ ሰው አዲስ አበባ ቢሆን፣ ታሊን ቢሆን፣ ግድ የለኝም። ርቀት ራሱ ጠላቴ አይደለም።

ባለፈው ወር ሌላ ሰነድ መጣልን፤ ሐምሳ ሁለት ገጽ፣ ለሠርግ አዳራሽ መከራያ አፕ። መግቢያው ላይ «ሐሳቡ ተጠናቋል፣ የቀረው ኮድ መጻፍ ብቻ ነው» ይላል። በዋጋ ፈንታ አንድ ጥያቄ ላክሁ፦ እስካሁን ስንት አዳራሽ በእጅዎ አከራይተዋል? «ከሥራው ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አጭር መልስ መጣ፤ ከዚያ ዝም አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሰነድ፣ ያው ሐምሳ ሁለት ገጽ፣ በሌላ ኩባንያ በኩል ተመልሶ ጠረጴዛችን ላይ አረፈ። የደንበኛው ስም ጠቁሯል፣ ዋጋው በሲሶ ቀንሷል። ባልደረቦቼ ግምቱን እያሰሉ ነው።