ሕፃኑን ማን ይያዝ?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፥ ልጅን የማስተማር ሥራ ወደ ቤት ተመለሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፥ ይኸው ሸክም ዳግመኛ በወላጆች ላይ ወደቀ።

በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ የምትኖር እናት ግን ሥራዋ አልቀነሰላትም። ገበሬዪቱ ከአረም፥ ነጋዴዪቱ ከገበያ፥ ደመወዝተኛዪቱም ከቢሮ መዋል አለባት። እንግዲህ ሕፃኑን ማን ይያዝ? ታላላቆቹንስ ማን ያስጠና? ብዙ ጊዜ አንቀልባው በታላቂቱ ሴት ልጅ ጀርባ ይታሰራል፤ ሕፃኑ ይተኛል፤ የእርስዋ ደብተር ግን ሳይገለጥ ይመሻል።

ይህን እኛ መፍትሔ አንለውም፤ የአንዱን ልጅ ጥበቃ በሌላዪቱ ትምህርት መክፈል ነውና። ለአረምና ለአጨዳ በወንፈል የምንረዳዳ ሰዎች፥ ለልጅ ጥበቃስ ስለ ምን አንረዳዳም? ሦስት አራት ጎረቤታሞች ቀን ተካፍለው፥ ተራ የደረሳት የሁሉን ልጆች ትጠብቅ፤ አባትም ተራውን ይያዝ። ታላቂቱም የምታጠናበት ሰዓት ይወሰንላት፤ በዚያ ሰዓት ሕፃን አትዘል፥ አትላክም።

የቄስ ትምህርት ቤትም ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ የበረታው ተማሪ ታናሹን ፊደል ያስቈጥራል፤ ነገር ግን እርሱም የራሱን ትምህርት ከየኔታ ዘንድ ይቀበላል። ልጃችንም ታናናሾችዋን ታስተምር ዘንድ፥ አስቀድመን እርስዋን እናስተምር።