ውሻን ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት

ውሻ በበላበት ይጮኻል እየተባለ ታማኝነቱ ይነገርለታል። ይሁን እንጂ ይህን ታማኝ እንስሳ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚነሡ ብዙ ሰዎች የሚጨነቁት ስለ ካሜራው እንጂ ስለ ውሻው አይደለም። ውሻው በገመድ ተይዞ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ ይነሣል፤ ከዚያም ፎቶግራፉ አላማረም ተብሎ መሣሪያው ይወቀሳል። በእኔ አስተያየት መልካም የውሻ ፎቶግራፍ የሚገኘው ከካሜራው ዋጋ ሳይሆን ከአንሺው ዝግጅት ነው። እንስሳውን አስጨንቆ የተገኘ ፎቶግራፍ ደግሞ ቢያምር እንኳ መልካም ሊባል አይገባውም።

በመጀመሪያ ስለ ከፍታ እናስብ። ሰው ቆሞ ውሻን ሲያነሣ ጎልቶ የሚታየው የውሻው አናትና ጀርባ ነው። ተንበርክኮ ካሜራውን በውሻው ዓይን ትክክል የሚያደርግ ግን ፊቱን ያገኛል። ኤልዮት ኧርዊት የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1974 ኒውዮርክ ውስጥ ያነሣው ዝነኛ ፎቶግራፍ ለዚህ ማስረጃ ነው። ካሜራው ወደ መሬት ዝቅ በማለቱ የአንዲት ትንሽ ውሻ መላ አካል ሲታይ፣ ከጎኗ ከቆሙት ከሴትዮዋና ከግዙፉ ውሻ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። ተመልካቹን ፈገግ የሚያሰኘው ይህ ዝቅ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። በቀትር ፀሐይ የጥቁር ውሻ ዓይን ከጠጕሩ አይለይም፤ ስለዚህ ጧት ወይም ወደ ማታ፣ አለዚያም በጥላ ሥር ማንሣት ይሻላል። የካሜራ መብራት ግን አይበጅም። በውሻ ዓይን ውስጥ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለ ዓይኑ እንደ ፋኖስ ያበራል፤ እንስሳውም ይደነግጣል።

ሦስተኛው ዝግጅት ነው። ውሻውን አስቀድማችሁ አንሸራሽሩት፤ ጠጕሩን አበጥሩለት፤ የዓይኑን ቆሻሻ ጥረጉለት። ውሻ ነገርን የሚያውቀው በይበልጥ በማሽተት ስለሆነ ካሜራውን ያሽትተው። የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይሁን። አዲስ ድምፅ ጆሮውን ያስቀስረዋል፤ ሲደጋገም ግን ይሰለቸዋልና ድምፁን ለዋናው ቅጽበት አቆዩት። በመጨረሻም ጥቂት ምግብ ስጡትና ሳይደክም ልቀቁት።

አንዳንዶች «ለአንድ እንስሳ ፎቶግራፍ ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ግልጽ ነው። ውሻ በቃኝ ብሎ ሊናገር አይችልም፤ የሚናገረው በአካሉ ነው። እንቅልፍ ሳይመጣበት ሲያዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር፣ የዓይኑ ነጭ ሲታይ ተጨንቋል ማለት ነው። ይህን ቋንቋ የማያነብ ሰው እንስሳውን ከመበደሉም በላይ ራሱን ለንክሻ ያጋልጣል። በተለይ በመንገድ ላይ ወደምታገኙት የማታውቁት ውሻ ለፎቶግራፍ ብላችሁ አትጠጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

እንግዲህ ጎንበስ ማለት፣ ብርሃንን መምረጥና መታገሥ ገንዘብ አይጠይቁም። የእጅ ስልክ ያለው ተማሪም ሊያደርጋቸው ይችላል። ውሻው ደስ ሲለው ጠብቆ ማንሣት የፎቶግራፍ ብልሃት ብቻ ሳይሆን፣ መናገር ለማይችል ፍጡር የሚሰጥ አክብሮት ነው።

መልመጃ
1. የጸሐፊው ዋና አስተያየት ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
2. ጸሐፊው የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ያቀረበው በየትኛው አንቀጽ ነው? የሰጠው መልስ አሳማኝ ነውን? ምክንያታችሁን ጻፉ።