ካናሉን የገደለው ባቡሩ ብቻ ነውን?

ስለ እንግሊዝ ካናሎች የሚነገረው ታሪክ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ባቡር መጣ፣ ካናል ሞተ፣ አለቀ። በክፍላችን ተማሪዎች ዘንድም ይኸው አባባል እንደ እውነት ከተያዘ ቆይቷል። እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ካናል ላንሳ፤ የቴምዝና ሰቨርን ካናልን።

ይህ ካናል በ1789 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲከፈት በምዕራብ ያለውን የሰቨርንን መስመር በምሥራቅ ካለው የቴምዝ ወንዝ ጋር አገናኘ። ርዝመቱ 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 44 ሎኮች ነበሩት። ሎክ ማለት እንግዲህ በላይና በታች በር ያለው፣ ውሃ እየተሞላና እየተለቀቀ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ክፍል ነው። ሳፐርተን በሚባለው ስፍራ ደግሞ ኮረብታው ተፈልፍሎ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተሠራ። በዋሻው ውስጥ ፈረስ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ ሠራተኞች በጀርባቸው ተንጋለው፣ ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ ጀልባዋን ያሳልፏት ነበር። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ የተበላሸው ግን ከባቡሩ በፊት፣ እዚያው ኮረብታው አናት ላይ ነው። የካናሉ ከፍተኛ ክፍል የሚያልፈው ስንጥቅ በበዛበት የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ውሃው እንዳይሰርግ የካናሉ ወለል በውሃ ተለውሶ በደንብ በተረገጠ ሸክላ አፈር ተለብጧል፤ ለጎጆ ግድግዳ ጭቃ ሲረገጥ ያየ ሰው ሥራው ይገባዋል። ታዲያ በክረምት ከሥር ያሉት ምንጮች ሲሞሉ ወደ ላይ ገፍተው ይህንን ልባጥ ይፈነቅሉታል። በጋ ሲመጣ ምንጮቹ ይሸሻሉ፤ የካናሉ ውሃ ደግሞ በተፈነቀለው በኩል ሹልክ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ጥገናው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። በየጊዜው ካናሉን መዝጋት፣ ማድረቅ፣ የተሰነጠቀውን ፈልጎ እንደገና መርገጥ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጀልባ ቆመ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ወደ አናት የወጣ ጀልባ አንድ ሎክ ሙሉ ውሃ ይወስዳል፤ ሲወርድም ሌላ አንድ። ማለትም ገበያው በደራ ቁጥር ውሃው ያልቃል። ለዚህ ሲባል በቴምዝ ምንጭ አጠገብ ከተቆፈረ ጉድጓድ በእንፋሎት ሞተር ውሃ ይሳብ ነበር፤ ሞተሩም በ1854 በሌላ ተተክቷል። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ የአንዳንድ ሎኮች ርዝመት እንኳ ተቀንሷል። በቪክቶሪያ ዘመን ካናሉን ያስተዳድሩ የነበሩት ሰዎች ሰነፎች ነበሩ የሚለኝ ካለ ይህን ይመልከትልኝ።

በ1845 የባቡሩ መስመር ያንኑ ኮረብታ በራሱ ዋሻ አልፎ ሥራ ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። ባቡሩ ቀዳዳውን አልፈጠረም፤ ቀዳዳው የሚደፈንበትን ገንዘብ ነው የወሰደው። ካናሉ ከባቡር ጋር ለመፎካከር የማለፊያ ዋጋ መቀነስ ነበረበት። ዋጋ ሲቀነስ የጥገና ገንዘብ ያንሳል፣ ጥገና ሲጓደል ውሃ ይጠፋል፣ ውሃ ሲጠፋ የከሰል ነጋዴው ጭነቱ በመንገድ ይቀርበታል። ነጋዴ ደግሞ አንዴ ከተጉላላ አይመለስም፤ ባቡሩ ደጁ ላይ ነው።

በ1882 ታላቁ የምዕራብ ባቡር ኩባንያ የካናሉን አብዛኛውን አክሲዮን ያዘ። ተፎካካሪውን የገዛ ሰው ተፎካካሪውን ለማሳደግ ገንዘብ ያወጣል ብዬ አላምንም። ከዚያ በፊት ካናሉን ወደ ሐዲድ የመለወጥ ሐሳብ ተነስቶ ስለነበር፣ ኩባንያው ሌላ እንዳይቀድመው ብሎ የያዘው ይመስለኛል። በ1893 መጨረሻ የምሥራቁ ክፍል ከዋሻው ጋር ተዘጋ። በ1895 ሌሎች የካናል ኩባንያዎችና የአካባቢው ምክር ቤቶች ባንድነት ሆነው ተረከቡት፤ ውሃው ግን አሸነፋቸው። በ1901 የግሎስተርሻየር ምክር ቤት ተራውን ወስዶ አናቱን ጠገነውና ጀልባ እንደገና አለፈ።

«ታዲያ የሕዝብ ገንዘብ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የመጨረሻው ጭነት በአናቱ ላይ ያለፈው በ1911 ነው፤ የምሥራቁ ክፍል በ1927፣ የቀረው ደግሞ በ1933 በይፋ ተትቷል። እኔ ግን ምክር ቤቱን አልወቅስም። ያ ጥገና በመሠረቱ ስህተት አልነበረም፤ የዘገየ ነው። ያው ገንዘብ ነጋዴው ገና ሳይሸሽ፣ በ1850ዎቹ ቢወጣ ኖሮ ካናሉ ሀብታም ባይሆንም ነጋዴው የሚተማመንበት መንገድ ይሆን ነበር ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በዚህ ካናል ዳር አምስት ክብ ቤቶች ተሠርተው ነበር። የሚኖሩባቸው የተመደበላቸውን ርቀት የሚጠብቁ ሠራተኞች ነበሩ፤ ዳሩን የሚያዩ፣ ፍሳሽ የሚያስሱ፣ በሩን የሚከታተሉ። የዲዛይኑን ኢንጂነሮች ስም መጻሕፍቱ ይነግሩናል። የእነዚህን ሰዎች ስም ግን ማንም አያስጠናንም፤ ካናሉ መቶ ዓመት ያህል ውሃ ይዞ የቆየው ግን በእነሱ ነው።