ቆመው ያልተለኩ አረጋውያን

አንድ አረጋዊ ሌሊት ለሽንት ከአልጋቸው ተነሥተው ቢወድቁና ዳሌያቸው ቢሰበር፣ ሆስፒታል የሚመዘገቡት በአጥንት ስብራት ነው። ከውድቀቱ በፊት የነበሩት ጥቂት ሰከንዶች በካርዳቸው ላይ አይጻፉም፤ የአደጋው መነሻ ግን እዚያ ሊሆን ይችላል።

ሰው ከተኛበት ሲቆም ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚገመት ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። በአንገትና በደረት ታላላቅ የደም ቧንቧዎች ላይ ያሉ ግፊት ጠቋሚ ነርቮች ለውጡን ተረድተው ልብን ያፈጥናሉ፤ የደም ሥሮችንም ያጠብባሉ። ይህ ምላሽ በእርጅና ይዳከማል፤ የስኳር በሽታና ፓርኪንሰን ደግሞ ያባብሱታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በተደረሰበት የባለሙያዎች ስምምነት መሠረት፣ በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት ቢያንስ በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከወረደ ችግሩ አለ ይባላል።

ይህን ለማወቅ አልጋ፣ የግፊት መለኪያና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። ሆኖም የተለመደው አሠራር አረጋዊውን አስቀምጦ መለካት ነው። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አገር አቀፍ ዳሰሳም የዓለም ጤና ድርጅትን ሥርዓት ተከትሎ ግፊትን የለካው በመቀመጫ ላይ ነው። ለዳሰሳው ዓላማ አግባብ ነበር፤ ያንኑ ቅጽ ገልብጦ አረጋውያንን የሚያጠና የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ውድቀታቸውን ሊያስረዳ አይችልም።

ማዞር በተሰማ ቁጥር የደም ግፊት መድኃኒትን ማቋረጥም መፍትሔ አይደለም። ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር በጥቅሉ ሲታይ ችግሩን እንደማያበዛ ሙከራዎች አሳይተዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ስፕሪንት የተባለው ታዋቂ ሙከራ ቆመው ሲለኩ የላይኛው ግፊታቸው ከ110 በታች የሆኑትን አላካተተም። ውጤቱን በአረጋዊ ታካሚ ላይ የሚያውል ሐኪም እንግዲህ አስቀድሞ አቁሞ መለካት ይኖርበታል። ከዚያም አሚትሪፕቲሊንን፣ የፕሮስቴት መድኃኒቶችንና የሚያሸኑ መድኃኒቶችን መመርመር ይገባል።

ምክሩም ከአኗኗር ጋር ካልተስማማ ከንቱ ነው። ከመነሣት በፊት ሁለት ብርጭቆ ውኃ መጠጣት በብዙዎች ዘንድ ግፊትን ይደግፋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ለማይቀምሱ ጾመኛ እናት ግን ይህ ምክር ባዶ ነው። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነጻ መሆኑ በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም የታወቀ ቢሆንም፣ ነጻነቱን የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። ለእነዚህ በአልጋ ጠርዝ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ረጅም ቅዳሴ ላይም ጭንን ማጠንከር ይሻላል። መቋሚያው ከመውደቅ ያግዛል እንጂ ደምን ወደ ላይ አይገፋም።

በመስኩ የሚሠሩ ተመራቂዎች በመጠይቃቸው ላይ ሦስት ነገሮች ቢጨምሩ ዋጋው አነስተኛ ነው፦ ተጋድመው 5 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ የተወሰደ ልኬት፣ በቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ የተወሰዱ ልኬቶች፣ እንዲሁም ተሳታፊው መጨረሻ ውኃ የጠጡበት ሰዓት።