መቼ ነው የሚያልቀው?



ለዚህ ዕትም ሌላ ርእስ አዘጋጅቼ ነበር። ከጋምቤላ ከተማ አንዲት እህት የላኩልንን ደብዳቤ ካነበብሁ በኋላ ግን ወደ ጎን አደረግሁት። እህታችን ትዳር ከመሠረቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የሁለት ልጆች እናት ናቸው፤ በአጥቢያቸው የእህቶች ኅብረት ውስጥም ያገለግላሉ። ባለቤታቸው በኢታንግ በኩል ባለው በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ይሠራሉ። ሰኞ ማለዳ ሄደው ዓርብ ማታ ይመለሳሉ። እህታችን ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ከምሳ በኋላ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ተከታታይ ድራማ ያያሉ። መጀመሪያ ጎረቤት ቤት እየሄዱ ነበር፤ በኋላ ዲሽ አስተከሉ። አሁን ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ዓርብ ማታ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ "ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?" ይላሉ። "አለቀ ስል ሌላ ምዕራፍ ይመጣል፤ እኔ ምን ላድርግ?" ይላሉ እህታችን። ጭቅጭቁ እስከ እሑድ ማታ ይዘልቃል።

እህታችን የጠየቁን ድራማ ማየት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው። እኔን የያዘኝ ግን የባለቤታቸው ጥያቄ ነው። እርሳቸው በንዴት ተናገሩት እንጂ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። የማያልቅ ድራማ ለምን አያልቅም? ማነው በየዓመቱ የሚያድሰው?

መልሱን ለማግኘት ትንሽ ራቅ ብለን እንነሣ። በአሜሪካ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ የሚታዩት ድራማዎች "ሶፕ ኦፔራ" ይባላሉ። "ሶፕ" ሳሙና ነው። ወጪውን የሚሸፍኑት የሳሙና ፋብሪካዎች ስለ ነበሩ ነው ይህን ስም ያገኙት። ከሁሉም ረጅም ዕድሜ የኖረው "ጋይዲንግ ላይት" የሚባለው ነው፤ መሪ ብርሃን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በሬድዮ ተጀምሮ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ገብቶ፣ መስከረም 2009 ላይ ነው ያበቃው። 72 ዓመት! ታዲያ ይህ ድራማ ሲጀመር ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን እንደ ነበር ታውቃላችሁ? ፓስተር ነበር። የድራማው ስም ራሱ የመጣው እርዳታ የሚፈልግ ሁሉ አይቶት እንዲመጣ ፓስተሩ በመስኮቱ ላይ ከሚያበራው መብራት ነው። አንዳንድ ቀን የዕለቱ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስብከት ብቻ ነበር። ደራሲዋ ኢርና ፊሊፕስ በወጣትነቷ ልጅዋ ሞቶ ተወልዶባት በኀዘን ሳለች፣ በሬድዮ ስብከት በመስማት እንደ ተጽናናች ይነገራል። ድራማውን የጻፈችው ከዚያ ተነሥታ ነው።

ከዚያስ? ዓመታት ሲያልፉ ፓስተሩም መብራቱም ቀሩ፤ ሳሙናው ግን እስከ መጨረሻው አልቀረም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጣቢያው ከአዘጋጁ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ይዋዋላል። የውሉ ጊዜ ሲደርስ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ስንት ሰው፣ በተለይም ለቤት ዕቃ የምትገዛዋ እናት፣ ተቀምጣ ታያለች? ማስታወቂያው የሚሸጠው በዚህ ነው። የቀን ድራማ ወጪው ደግሞ ከማታው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሳሎኑ ያው ሳሎን፣ ሆስፒታሉ ያው ሆስፒታል፣ ተዋንያኑም ያው ናቸው፤ በአንድ ቀን ብዙ ይቀረጻል። ከ1963 ጀምሮ ሳይቋረጥ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የሚካሄድ ድራማ አላቸው። ታሪኩም ሆን ተብሎ እንዳያልቅ ሆኖ ይሸመናል። ሦስት አራት ታሪክ አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ሊያበቃ ሲል ሌላው መካከሉ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ገና ይጀመራል። የዓርቡ ክፍል ሰኞን ሳያዩ ማደር በማይቻልበት ቦታ ይቆረጣል።

የእኛ አገሩ መልኩ ትንሽ ይለያል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር "ጥቁር ፍቅር"ን እና "የተቀማ ሕይወት"ን የመሳሰሉ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበልን። በወቅቱ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ምን ያህል እንደ ተቃወሙ ታስታውሳላችሁ፤ አንዱን ታሪክ ከባዶ ከመሥራት የተሠራውን ተርጕሞ ድምፅ ማልበስ በዋጋ አይገናኝምና። በቱርክ እንዲህ ያለ ድራማ በሳምንት አንድ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል የሚታይ ነው። ተመልካች ካጣ መንገድ ላይ ይቋረጣል፤ ካገኘ ይታደሳል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ተቆራርሶ የየቀን ሆነ፤ የማታው በማግስቱ ቀን ይደገማል። በአጭሩ የማታ የነበረው ወደ ቀን ድራማነት ተለወጠ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የገንዘቡ ወገን ነው። ነገር ግን ገንዘብ ብቻ ድራማን 72 ዓመት አያኖረውም። "ጋይዲንግ ላይት" ለምን እንዳበቃ ብታዩ ይገባችኋል። ታሪኩ ስላለቀ አይደለም። ያንን ሰዓት ቤት ተቀምጠው የሚጠብቁ ሴቶች ሥራ ስለ ወጡና ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት ስላነሰ ነው። እንግዲህ የሚያድሰው ጣቢያው ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ብቻዋን የምትቀመጥ ሴት ናት።

እህታችን በደብዳቤያቸው በሦስተኛው ገጽ ላይ እንደ ዋዛ የጣሏት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። "ድራማው ቢያንስ በሰዓቱ ይመጣል" ይላሉ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ሐዋርያት ሥራ 3፥1 ላይ ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ዳንኤልም በቀን ሦስት ጊዜ የሚጸልይበት ልማድ ስለ ነበረው ጠላቶቹ እንኳ የት እንደሚያገኙት አላጡትም (ዳን. 6)። እኛስ? የእህቶች ጸሎት ዘጠኝ ሰዓት ነው ብለን እናስነግራለን፤ የምንጀምረው አሥር ሰዓት ነው። አንዷ ቡና ላይ ናት፣ አንዷ ቁልፍ ያዡን ትፈልጋለች። ድራማው ግን ዘግይቶ አያውቅም። ሰው ወደሚጠብቀው ነገር ይሄዳል። በዚህ ረገድ የቱርክን ደራሲዎች ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ሰዓት ብንመለከት ሳይሻል አይቀርም።

ኃጢአት ነው አይደለም ለሚለው፣ ስለ ዝሙቱና ስለ ልብሱ ከመድረክ የሰማችሁትን አልደግምም። ልጆች በሚያዩበት ሰዓት የማይከፈት ነገር እንዳለ የማያውቅ ወላጅ የለም። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። የማያልቅ ድራማ ይቅርታን መሸከም አይችልም። ባልና ሚስት ከልባቸው ከታረቁ ታሪኩ ያልቃል፤ ስለዚህ እርቁ በሳምንቱ መፍረስ አለበት። የተጣለ ደብዳቤ ይገኛል፣ ሞተ የተባለው ይመጣል፣ የድሮው በደል እንደ አዲስ ይነሣል። ይህንን በየቀኑ የሚያይ ሰው ይቅርታ ለትንሽ ጊዜ የሚቆይ ዕረፍት ሊመስለው ይችላል። እህቴ፣ ማየቱ እንዲህ እያደረገብኝ ነው ወይ ብለሽ በጌታ ፊት ራስሽን ጠይቂ። መልሱን ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

የሚያልቅ ድራማም አለ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬድዮ የተላለፈውን "የቀን ቅኝት"ን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር ታስቦ የተሠራ፣ 257 ክፍል የነበረው፣ መጨረሻው ቀድሞ የታወቀ ድራማ ነበር። ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ እንደ ደረሰው ተመዝግቧል። እስቲ አስቡት፣ በዚያን ጊዜ ወረቀት፣ ፖስታና ቴምብር ገዝቶ ለሬድዮ ድራማ የሚጽፍ ሰው ምን ያህል የሚያዳምጠው ፈልጎ ይሆን!

ወደ ባለቤታቸው ልምጣ። እኚህ ወንድም በመጠለያው የሚሠሩት ከቤተሰባቸው የተለያዩ ሰዎችን ጉዳይ ነው። ትየርኪዲ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ወገኖች ነው፤ አብዛኞቹ ኑዌሮች፣ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ባሏ የት እንዳለ የማታውቅ፣ ልጇ መንገድ ላይ የጠፋባት እናት ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ተቀምጣ ትናገራለች። ሚስታቸው እንደ ጻፉት ዓርብ ማታ ሲመጡ "ጆሮአቸው አልቋል"። ይህ ቅዱስ ሥራ ነው፤ ማንም እንዳያቃልለው። ነገር ግን ቤታቸው ያለችውም ሴት ባሏ አምስት ቀን የሌላት ናት። ዓርብ የሚጀምረው፣ እሑድ የሚቋረጠው፣ በሚቀጥለው ዓርብ ካቆመበት የሚቀጥለው ጭቅጭቅም ራሱ ተከታታይ ድራማ ሆኗል። ማንም አያስጨርሰውም፤ ቢያልቅ ሌላ የሚያወሩት የላቸውምና።

በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር መጣ። የባለቤታቸው የሥራ ውል የአንድ ዓመት ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይታደሳል። እስካሁን አራት ጊዜ ታድሷል፤ እህታችን አራቱንም ጊዜ የሰሙት ከተፈረመ በኋላ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ላይ ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ሲመክር፣ ቢለያዩም እንኳ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ስምምነትና የተወሰነ ጊዜ። እርሱ የሚናገረው ለጸሎት ስለ መለየት ነው። ለጸሎት እንኳ እንዲህ ከሆነ ለደመወዝማ እንዴት ይሆን? አንዳንድ ወንድሞች "ለማን ብዬ ነው የምለፋው?" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ለቤተሰብ ነው። በጋምቤላ ሥራ እንደ ልብ እንደማይገኝም፣ የኑሮው ውድነትም የታወቀ ነው። ሥራውን ልቀቅ ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት መልሱ አምስተኛ ጊዜም ይታደስ ሊሆን ይችላል። ግን በቤት ውስጥ መወሰን አለበት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እኔ ያለሁት ድራማው ይዘጋ አይደለም። ሰኔ ሲመጣ ወረቀቱን ሳትፈርም ወደ ቤት ይዘኸው ና። ባለቤትህ ታንብበው። ደመወዙን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ ስንት ዓመት እንደሚበቃ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ፤ ከፈለጋችሁ የምታምኑት ሽማግሌ አብሯችሁ ይቀመጥ። እስከዚያው በሳምንቱ መካከል የምትደውልበት ሰዓት ይኑር። በመጠለያው ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን ብዙ መሆኑን እህታችን ጽፈዋል፤ ስለዚህ የተሻለ የሚሠራበትን ሰዓት አንተው ምረጥ። ከምሳ በኋላ ከሆነ ግን አስቀድመህ ንገራት፣ ድራማው ያለው ያን ጊዜ ነው።

በሥራ ምክንያት ተለያይታችሁ የምትኖሩ ሌሎች ባለትዳሮች፣ ከጋምቤላም ይሁን ከዓረብ አገር፣ እንዴት እንደምትዘልቁት ጻፉልን። በሚቀጥለው ዕትም ከደብዳቤዎቻችሁ የተወሰኑትን ስም ሳንጠቅስ እናወጣለን።