እናቶቻችንን ከወንዝ ዳር ማን አስወጣቸው?



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየቡናውና በየለቅሶ ቤቱ አንድ ምክር ሲዘዋወር እሰማለሁ። «ወንዝ ዳር መሄዱ ይቅርባችሁ፤ ብስክሌት ይገጫችኋል» የሚል ነው። ምክሩ የሚሰጠው በሜድስቶንና በአካባቢው ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች፣ በተለይም ሐኪም «ስኳርሽ ከፍ ብሏልና በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ» ላላቸው ነው። መካሪዎቹ ክፋት የላቸውም። ይሁን እንጂ ምክሩ ገፊውን ትቶ ተገፊውን «አንተ ቤትህ ተቀመጥ» እንደ ማለት ነውና በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። ልጆቿ ሥራ ውለው እስኪመለሱ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ ለምትውል እናት፣ ከፉትስክሬይ ፓርክ ወደ ፓይፕሜከርስ ፓርክ የሚወስደው የማሪቢርኖንግ ወንዝ መንገድ የእግር ማፍታቻ ብቻ አይደለም። የአገሯን ሰው የምታገኝበት፣ በአማርኛ የምትስቅበት ቦታ ነው። ይህን አስትተን ምን ልንሰጣት ነው?

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በቪክቶሪያ የመንገድ ሕግ መሠረት እግረኛና ብስክሌት በጋራ በሚጠቀሙበት መንገድ ላይ ብስክሌት ነጂው ግራውን ይዞ የመሄድና ለእግረኛ ቅድሚያ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ደስ ካለው» አይልም። ብስክሌቱ የሚሠራ ደወል ወይም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሊኖረው ይገባል። ሲመሽ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያስፈልገዋል። ሄልሜትማ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግድ ነው።

ደወል ግን ማስጠንቀቂያ እንጂ የማለፊያ ፈቃድ አይደለም። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሜትር ሲቀረው አቃጭሎ፣ ፍሬን ሳይነካ ሽው ብሎ የሚያልፍ ሰው አስደነገጠ እንጂ አስጠነቀቀ አይባልም። እስቲ እናስላው፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። የ70 ዓመት እናት ደወሉን ሰምታ፣ ከየት እንደ መጣ ለይታ፣ ወደ ዳር እስክትል ሁለት ሴኮንድ ቢፈጅባት ነጂው 16 ሜትር ጨርሷል። ስለዚህ ሥርዓቱ ከሩቅ መደወል፣ ፍጥነትን ወደ ሰው እርምጃ ማውረድ፣ እንደ ሰሙ ማረጋገጥ፣ ከዚያም በስተቀኛቸው ራቅ ብሎ ማለፍ ነው። «እማማ፣ በቀኝዎ ልለፍ» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይጨርሳል?

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው ሲባል፣ ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማው ሥራ በሚጣደፈው፣ ጥብቅ ልብስ በለበሰው ፈረንጅ ላይ ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን አመሻሹ ላይ ወንዝ ዳር ወርዳችሁ እዩ። ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱንም ጆሮውን በሙዚቃ ደፍኖ፣ በሰው መሐል እየተጥመለመለ የሚሄደው የኛው ልጅ ነው! በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ የሚያደርሰው ወጣትም የኛው ነው። ይህ ሁለተኛው «ሰዓት ይቆጥሩብኛል» ይላል፤ እውነቱን ነው፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሆኖም ሞተሩ ነጂው ሲረግጥ ብቻ የሚያግዝ፣ ከ250 ዋት የማይበልጥና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያቆም እንዲሆን የተደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ያንን ገደብ አስፈትቶ የሚነዳ ሰው በሕግ ፊት ብስክሌት ሳይሆን ያልተመዘገበ ሞተር ሳይክል እየነዳ ነው። የዘገየ ፒዛ ይካሳል፤ የተሰበረ የአሮጊት ዳሌ ግን በዚያ ዕድሜ ብዙ ጊዜ እንደ ነበረ አይመለስም።

ስለ ትሕትና ሲነሳ «ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው» የሚሉ አሉ። ከቶ አይደለም! በአገራችን በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርድ ነበር፤ ቄስም ይሁን ሼህ፣ በዕድሜ የሚበልጠውን ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሳ ነበር። ከፍ ብሎ የተቀመጠው ለእግረኛው ዝቅ ይላል እንጂ እግረኛው ገደል አይገባለትም።

እግረኛውስ? እሱም አይቅርበት። አራት ሆኖ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞ መጨዋወት ደስ ይላል፤ ግን ሕጉ እግረኛም ያለ በቂ ምክንያት የሌላውን መንገድ እንዳይዘጋ ያዛል። ሁለት ሁለት ሆኖ ግራን ይዞ መሄድ፣ ደወል ሲሰሙ ወደ ሁለቱም ዳር አለመበተን፣ የሕፃን እጅ መያዝ ይበቃል። ምልክቱንም ማየት ነው። ብስክሌትና ሰው አብረው ከተሳሉበት የጋራ ነው፤ በመሐላቸው መስመር ካለ ግን እያንዳንዱ በየወገኑ ይሂድ። ከዚህ ያለፈውን ሸክም በእናቶች ላይ መጫን ግፍ ነው።

ፍጥነት በራሱ ነውር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው እዚሁ ሜልበርን፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተወዳዳሪዎቿም መካከል እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። የጎዳናው ውድድር የተካሄደው ከኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው ብሮድሜዶስ ሲሆን ርቀቱ ወደ 188 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። የኛ ልጆች የሚጋልቡበት ሰፈር የአባቶቻቸው ታሪክ ያለበት መሆኑን ስንቶቹ ያውቃሉ? እነ ገረመው ግን የሮጡት ለውድድር በተለየ መንገድ ላይ ነበር።

ዛሬም ቦታው አለ። ወደ ጂሎንግ በሚወስደው አቅጣጫ ዩ ያንግስ ለተራራ ብስክሌት የተሠሩ መንገዶች አሉት፤ በምሥራቅ በኩል ላይስተርፊልድ የ2006ቱ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የተራራ ብስክሌት ውድድር የተካሄደበት ነው። ልቡ የፈለገውን ያህል ይውረድ! እዚያም ቢሆን ለሚወጣው ቅድሚያ መስጠት፣ ዝናብ ያራሰውን አፈር በጎማ አለማረስ፣ ከተከፈተው መንገድ ወጥቶ አዲስ አለመቅደድ የጨዋ ደንብ ነው።

አንድ ነገር ለማኅበሮቻችን ልበል። የስፖርት ገንዘባችንና ጉልበታችን ሁሉ ለእግር ኳስ ነው። አንድ እሑድ ለብስክሌት ይሁን። አንድ ደወል ከአንድ ሳህን ክትፎ ያንሳል፤ ሃምሳ ደወል ገዝቶ፣ ፉትስክሬይ ፓርክ ላይ ልጆቹን ሰብስቦ፣ ፍሬናቸውን አይቶ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እናቶችም በዚያው ዕለት ይጠሩ፤ ደወሉ ከስንት ሜትር እንደሚሰማቸው ለልጆቹ የሚነግሯቸው እነሱ ናቸው።