ማን ቀስቅስ አላችሁ?

ደባርቅ ዋናው መንገድ ዳር ያለ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት አስቡ። መብራት ሄዷል፤ ባለቤቱ ላፕቶፑን አስተኝቶ ምሳ ወጥቷል። ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሲኖትራክ በበሩ ሲያልፍ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ማውሱም ንቅንቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ነቃ! (አንዳንዱ ማውስ ካልተጫኑት አይቀሰቅስም፤ ለአንዳንዱ ግን ይቺው ትበቃዋለች።) ለማታ የታሰበችው ባትሪ ባዶ ቤት ታበራለች።

የተኛ መሣሪያ እንዲነቃ መፍቀድ ያለበት ማን ነው? ባለቤቱ ነው እንላለን። አምራቾቹ ግን ቀድመውት ፈቅደዋል።

ዊንዶውስ ላይ ኪቦርድና ማውስ የመቀስቀስ ፈቃዳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ ለአውቶማቲክ ጥገና ሌሊቱን መረጠልን። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚዞረው ጅብ ብቻ ነበር! ከዚያው ዘመን ጀምሮ «ተኝቻለሁ» እያለ ኔትወርክ የሚጠባበቅ አዲስ ዓይነት እንቅልፍም መጣ፤ በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የድሮው ድብን ያለ እንቅልፍ ጭራሽ የለም። ከዳባት ወደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመላለስ ተማሪ ቦርሳው ውስጥ አንዳንዴ የሚግለው ይኸው «የተኛ» ላፕቶፕ ነው።

«ምቾት ነው» ይሉናል። መብራት በማይጠፋበት አገር ይሁን። እዚህ ግን ጣትን አንሥቶ የፓወር ቁልፍ መጫን ያን ያህል ይከብዳል?

«ማጥፋት ይቻላል እኮ!» የሚሉም አሉ። ይቻላል፤ ዲቫይስ ማናጀርን ያገኘ፣ ማውሱን መርጦ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ገጽ የከፈተ፣ እዚያ ያለውን እንግሊዝኛም አንብቦ የገባው ይችላል። ስንቱ ነው እሱ? ባለቤቱ ፈልጎ እስኪከለክል ድረስ የሚሠራ ነገር ፈቃድ ከተባለ፣ ሌባም እስኪያዝ ድረስ ተፈቅዶለታል ማለት ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይሉን ደግሞ ሊኑክስ አለ። የሊኑክስ ከርነል አብዛኞቹን መሣሪያዎች ሲመጡ ጀምሮ ከመቀስቀስ ይከለክላቸዋል፤ ከከለከላቸው ውጪ የቀሩት በዋናነት የፓወር ቁልፍ፣ ኪቦርድና ባለቤቱ ራሱ ያዘጋጀው የኔትወርክ ካርድ ናቸው። ኪቦርዱንም ቢጨምሩልን ደስ ባለን፤ ግን ቢያንስ ክርክሩ ከ«አይሆንም» ይጀምራል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲስ ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲከፈት ስለ አገር፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሰዓት ይጠይቀናል። እዚያው ላይ አንዲት ጥያቄ በአማርኛ ትጨመር፦ «ስተኛ ማን ይቀስቅሰኝ?» መልሱ ባዶ ሆኖ ይምጣ፤ የፈለገ ይሙላው።

እስከዚያው ግን ኮምፒውተር ቤት ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ዛሬውኑ ከማውሱ ላይ ያቺን ምልክት አንሡ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ስትወጡም «ስሊፕ»ን ትታችሁ «ሃይበርኔት» በሉት። ጎረቤታችሁንም አሳዩት።